የተያዘ ሰው መብትና ያለ ሕግ የሚያስር ሰው ዕዳ

በመንደር ትምህርት ቤቶች ለወላጆች፤ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚነገር



ሰው ካለው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ወዶ መሄድና ወዶ መመለስ ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ ቢቸገርም ሌላ በሬ ያገኛል፤ ቤቱ የተቃጠለበትም ጎረቤቱ ደቦ ወጥቶ ይሠራለታል፤ በእስር ቤት ያለፈች ቀን ግን በገንዘብ አትገዛም፤ በደቦም አትመለስም። ስለዚህ ሕግ ሰውን የመያዝ ሥልጣን ለፖሊስ ሲሰጥ ሥልጣኑን ብቻውን አልሰጠውም፤ ግዴታን አያይዞ ሰጠው እንጂ።

ብዙ ሰው የፖሊስ ሥራ ተጠርጣሪውን ይዞ ከጣቢያ ባገባው ጊዜ የሚፈጸም ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ይዞ ማግባት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ የሚከብደውም ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰው በበቂ ምክንያትና በሕግ ተይዞ ሳለ፤ ከተያዘ በኋላ ሊደረግለት የሚገባው ነገር ሳይደረግለት ቢቀር፤ ያ በሕግ የተጀመረው መያዝ ወደ ሕገ ወጥ እስር ይለወጣል። የያዘውም ሰው ሕግ አስከባሪ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሕግ አፍራሽ ሆኖ ይጠየቃል። የዚህ ንግግር ቁም ነገር ይህ ነው።

ስለ ጥንቱ ልማድ

በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ እንደ ዛሬው ያለ ፖሊስ አልነበረም። ከሳሽ ተከሳሹን፤ አበዳሪም ባለዕዳውን ራሱ ይይዘው ነበር። ሁለቱም የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም እጃቸው በሰንሰለት ተያይዞ፤ ከዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው ይውሉ አብረውም ያድሩ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ቁራኛ ለተያዘው ሰው መከራ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ማስተዋል የሚገባ አንድ ጠባይ ነበረው። አሳሪው ራሱ ከታሳሪው ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፤ እርሻውም ሥራውም ስለሚፈታበት፤ ከዳኛ ፊት ለመድረስ እጅግ ይቸኩል ነበር። የዛሬ አሳሪ ግን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በአልጋውም ላይ ይተኛል። ስለዚህ በቁራኛው ሰንሰለት ፈንታ አሳሪውን የሚያስቸኩል ሌላ ነገር አስፈለገ፤ እርሱም ሕግና ሰዓት ነው።

ደግሞ ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ፤ የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሌባው ስም እስኪወጣ ድረስ ከዚያ እንዳይለይ ይደረግ ነበር። ይህም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለው ነው። ከስብሰባው የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍል ነበር። ልማዱ በፖሊስ ያልተጠበቀውን አገር ሰላም ለመጠበቅ የታሰበ ቢሆንም፤ አንድ በደለኛ ለማግኘት ብዙ ንጹሕ ሰው ሥራ ፈትቶ እንዲውል ያደርግ ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከሕግ ውጭ ማንም ኢትዮጵያዊ እንዳይያዝ፤ እንዳይፈረድበትና እንዳይታሰር ደነገገ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወሰነ። በዚያን ጊዜ መንገድ ጥቂት ስለ ነበረ፤ ሰው የተያዘበት ስፍራ በእግር ብቻ የሚደረስና ጉዞውም ከ48 ሰዓት የማያንስ እንደ ሆነ፤ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ለማራዘም ይችል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ 48 ሰዓት በአንቀጽ 19 አጽንቶታል። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሕገ መንግሥታትም ተለውጠዋል፤ ይህች የሰዓት ወሰን ግን ሳትለወጥ ቆይታለች።

ሰው የሚያዝበትና የማይያዝበት ምክንያት

ፖሊስ ሰውን ለመያዝ እንደ ደንቡ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጧል። ከነዚህም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰውየው ወንጀል ሲሠራ እጅ ከፍንጅ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ከ1 ዓመት የማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሠርቷል ወይም ሊሠራ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ እንደ ሆነ ነው። ምክንያቱም ሌላ ሰው ቢሰማው ሊያምነው የሚችል መሆን አለበት፤ የፖሊሱ ቂም ወይም የመንደር ሐሜት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ገንዘብ ተበድሮ መክፈል ያቃተው ሰው የሚከሰሰው በፍትሐ ብሔር ችሎት ነው፤ አበዳሪው ፖሊስ ጠርቶ ሊያሳስረው አይገባም። የድንበር ክርክር ያለባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ነገራቸው በዳኛ ወይም በሽማግሌ ይታያል፤ ከሁለቱ አንዱ የሹም ዘመድ ስለ ሆነ ሌላው ሊታሰር አይችልም። ወንድም ስለ ወንድሙ፤ ሚስት ስለ ባልዋ፤ አባት ስለ ልጁ በመያዣነት አይታሰሩም። የቀበሌ ሹምም ሆነ ሚሊሻ፤ ስብሰባ ቀረህ ወይም መዋጮ አልከፈልህም ብሎ ሰውን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቆልፎ ለማሳደር ሥልጣን የለውም።

ሰው ከተያዘ በኋላ የፖሊስ ግዴታ

1ኛ፤ የሚይዘው ፖሊስ ማን እንደ ሆነ መናገር፤ ትእዛዝ ይዞ እንደ ሆነም አንብቦ ማሰማት አለበት። የተያዘበትንም ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነግረው ይገባል። በኢትዮጵያ ብዙ ቋንቋ አለ፤ ስለዚህ ለአንድ አርብቶ አደር በማይሰማው ቋንቋ ምክንያቱን መንገር ከነጭራሹ እንዳልነገሩት ያህል ነው።

2ኛ፤ የተያዘ ሰው ዝም ለማለት መብት አለው። የሚሰጠው ቃልም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለት የጥፋተኛ ምልክት አይደለም፤ ንጹሕም ሰው በድንጋጤ ጊዜ ቃሉ ይጠፋበታል፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ያዛባል።

3ኛ፤ መደብደብ፤ ማስፈራራት፤ ማስራብ፤ በተስፋም ማታለል ክልክል ነው። በግዳጅ የተገኘ ቃል በማስረጃነት አይቀበሉትም። የዚህ ምክንያት ለተያዘው ሰው ማዘን ብቻ አይደለም፤ እውነትንም ለመጠበቅ ነው። የተደበደበ ሰው የሚናገረው ዱላውን የሚያስቆምለትን ነገር ነው፤ እርሱም እውነት ሊሆን ሐሰትም ሊሆን ይችላል። በሐሰት ያመነው ሰው ታስሮ ሳለ እውነተኛው ሌባ በቤቱ ይተኛል፤ በሚመጣውም ወር የሌላውን በረት ይሰብራል።

4ኛ፤ የተያዘውን ሰው መፈተሽ ያስፈለገ እንደ ሆነ በክብር መፈተሽ ይገባል፤ ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። የተገኘበትም ገንዘብና ዕቃ ተቈጥሮና ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባል። የገባበትም ቀንና ሰዓት እንደዚሁ በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል፤ መዝገብ የሌለው እስር እንደ ዘረፋ ነውና።

5ኛ፤ የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፤ ከቅርብ ዘመዱና ከወዳጁ፤ ከሃይማኖት መካሪው፤ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋራ ለመገናኘትና ለመጠየቅ መብት አለው። ዘመዱን ፈልጎ በየጣቢያው የሚንከራተት ሰው ሊኖር አይገባም። የት እንዳለ ያልታወቀ እስረኛ ለማንኛውም ክፉ ነገር የተጋለጠ ነው።

6ኛ፤ ከግዴታዎች ሁሉ ዋናው በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። ከተያዘበት ስፍራ እስከ ፍርድ ቤቱ ለሚደረገው ጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ለምሳሌ ሰኞ ጧት በ4 ሰዓት የተያዘ ሰው ረቡዕ ጧት በ4 ሰዓት ከዳኛ ፊት መቆም አለበት፤ መንገዱ 6 ሰዓት የሚያስኬድ ቢሆን ደግሞ እስከ ረቡዕ 10 ሰዓት ድረስ። ጉዞ የተባለውም እውነተኛው ጉዞ ነው፤ መኪና እስኪጠገን፤ አለቃ ከስብሰባ እስኪመለስ፤ ምስክር እስኪገኝ መቆየት ጉዞ አይባልም።

7ኛ፤ ነገሩ ቀላል የሆነ ወይም ጥርጣሬው የሳሳ እንደ ሆነ፤ ፖሊስ ራሱ ሰውየውን በዋስ ሊለቀው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ፈቅዶለታል። ፖሊስ ባይለቀው ደግሞ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። የተያዘ ሰው በዋስ መለቀቅ መብቱ ነው፤ መከልከል ልዩ ነገር ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ዋስትናን ከከለከለባቸው ምክንያቶች አንዱ፤ ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣና የተበደለውም ሰው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል የሆነ እንደ ሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ተጠርጣሪው በቀጠሮው እንደማይቀርብ፤ ሌላ ወንጀል እንደሚሠራ ወይም ምስክር እንደሚያባብል የታመነ እንደ ሆነ ዳኛው ዋስትናውን ሊነፍገው ይችላል።

ስለ ጊዜ ቀጠሮ

ፖሊስ ምርመራውን ያልፈጸመ እንደ ሆነ ከዳኛው ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ ሕግ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የሚበልጥ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ወስኗል። በዚህ ላይ በሕዝብ ዘንድ ሁለት ስሕተት ይታያል። አንዳንዱ 14ቱ ቀን ለፖሊስ የተሰጠ ድርሻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን 14 ቀን ወሰኑ ነው፤ 3 ቀን የሚበቃው ምርመራ 3 ቀን ብቻ ይሰጠዋል። ሌላው ደግሞ ዳኛው ፖሊሱ የጠየቀውን ሁሉ የሚፈቅድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፖሊሱ እስካሁን ምን እንደ ሠራ፤ ምንስ እንደ ቀረው፤ የቀረውንም ሥራ ሰውየው ከእስር ወጥቶ ሳለ ለመሥራት የማይቻለው ስለ ምን እንደ ሆነ ዳኛው ሊጠይቀው ይገባል። የተያዘውም ሰው በችሎቱ ፊት ለመናገር፤ የተደበደበም እንደ ሆነ ገላውን ለማሳየት ይችላል። የ48 ሰዓቱ ጥቅም ይህ ነው፤ የተያዘውን ሰው ካልያዘው ሰው ዓይን ፊት ያቆመዋል።

አንድ ምሳሌ

በአንድ ቀበሌ ሁለት በሬ ተሰረቀ እንበል። ባለ በሬው አንድን ጎልማሳ ጠርጥሮ ለፖሊስ አመለከተ፤ አንድ እረኛም ጎልማሳውን በዚያች ሌሊት በሬ ሲነዳ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ፖሊሱ ከቤቱ ሲደርስ ጎልማሳውን አጣው፤ እናቲቱን አገኘ። «እማማ፤ ልጅዎ እስኪቀርብ ድረስ እርስዎ ከኛ ጋራ ይቆያሉ» ብሎ ዓርብ በ9 ሰዓት ከጣቢያ አገባት። ማንም አልመታትም፤ ምግብም አልተከለከለችም። ልጅዋም ይህን ሰምቶ ረቡዕ ጧት በ3 ሰዓት በገዛ እጁ ቀረበ፤ እናቲቱም ወዲያው ተለቀቀች። ፍርድ ቤቱ ከጣቢያው አጠገብ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ያቀረቡት ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ነው።

ከዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ታስረዋል፤ የሁለቱ እስር ግን በሕግ ፊት አንድ አይደለም።

የእናቲቱ እስር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። ሰረቀች ብሎ የከሰሳት የለም፤ የጠረጠራትም የለም። ፖሊሱ በትሕትና ስለ ተናገራት፤ ምግብም ስለ ሰጣት እስሩ አይጸዳም። «እርስዋን በመያዜ ልጁ ተገኘ» ቢልም መልስ አይሆነውም፤ ይህ ቢፈቀድ ኖሮ በአገሩ ያለች እናት ሁሉ ለልጅዋ ጥፋት መያዣ በሆነች ነበር።

የልጁ እስር ግን በሕግ ተጀምሯል፤ ክስ አለ፤ ያየው ምስክርም አለ። ዓርብ ጧት 3 ሰዓት ሲሞላ ግን የ48 ሰዓቱ ወሰን ተፈጸመ። ከዚያች ሰዓት እስከ ቅዳሜ ያለው 24 ሰዓት ያለ ሕግ የሆነ እስር ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ልጁ በኋላ በፍርድ ነጻ ቢወጣ እስከ ዓርብ የነበረው መያዝ ሕጋዊነቱ አይፈርስም፤ ፖሊሱ በበቂ ምክንያት ይዞታልና። እንደዚሁም ሌባ መሆኑ ቢረጋገጥ ከዓርብ በኋላ ያለው እስር ሕጋዊ አይሆንም፤ ሌባም ቢሆን ሰዓቱ የእርሱ ነውና። ስለዚህ የእስር ሕጋዊነት የሚመዘነው ሰውየው በደለኛ ሆኖ በመገኘቱ ወይም ባለመገኘቱ አይደለም፤ የያዘው ሰው በያዘበት ጊዜ ምክንያት የነበረው በመሆኑና ከያዘም በኋላ ግዴታውን በመፈጸሙ ነው።

ያለ ሕግ የሚያስር ሰው ዕዳ

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል። ያለ ሕግ ሥልጣን የሌላውን ሰው ነጻነት የነካ፤ ሊሄድ ወደሚገባውም ቦታ እንዳይሄድ የከለከለ ሰው፤ የከለከለው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢሆን፤ በገላውም ላይ ምንም ጉዳት ባይደርስ፤ አጥፊ ነው ይላል። ሰውን ለማሰር ሰንሰለት ወይም ቁልፍ የግድ አያስፈልግም፤ «ከዚህ ብትነቃነቅ ወዮልህ» ብሎ በማስፈራራት ያቆመውም አስሮታል።

ዕዳውም በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው የወንጀል ቅጣት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423፤ ከሕግ ውጭ ወይም በሕግ የተወሰነውን ሥርዓት ሳይጠብቅ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ያዛል። እንዲህ ያለውን እስር ዐውቆ ያዘዘ አለቃም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ሁለተኛው ፖሊሱ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ካሣ ነው። በምሳሌው የተነገረችው እናት በታሰረችበት ወራት የጤፍ አረም ቢያልፍባት፤ ፍየሎችዋም ጠባቂ አጥተው አውሬ ቢበላቸው፤ ይህ ሁሉ ተቈጥሮ ይጠየቃል። ስለ ኅሊና ጉዳትም ካሣ አለ፤ ነገር ግን የ1952ቱ ሕግ ይህ ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም ገንዘብ ሕጉ በወጣበት ዘመን ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ተበዳዩ የጠፋበትን ሀብትና የተበላሸበትን ሥራ በማስረጃ አስደግፎ ማቅረቡ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ፖሊሱ በቅን ልቡና በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት ያጠፋ እንደ ሆነ፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ተበዳዩም ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል። መንግሥትም የከፈለውን ከሠራተኛው ለመጠየቅ መብት አለው። ለቂሙ ወይም ለጉቦ ብሎ ያሰረ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የግል ጥፋት ነው፤ ዕዳውም የራሱ ብቻ ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል።

ካሣ የሚጠይቅ ሰው ግን አይዘግይ። እንደ ደንቡ ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ጥፋቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር።

ይህ ዕዳ በፖሊስ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። አንድ ገበሬ በማሳው ውስጥ በቆሎ ሲሰርቅ ያገኘውን ልጅ ለመያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ወዲያውኑ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። በጎተራው ቆልፎ ቢያሳድረው፤ ወይም በቆሎው እስኪከፈለው በግንድ ላይ አስሮ ቢያቆየው፤ የተሰረቀው ገበሬ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። እንደዚሁም ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ጎረቤቱን በሐሰት ከስሶ ያሳሰረ ሰው በወንጀል ይቀጣል፤ በቅንነት ያየውን የተናገረ ግን አይፈራ።

የታሰረ ሰውና ዘመዱ ሊያደርጉት የሚገባ

የሚያዝ ሰው ከፖሊስ ጋራ ግብግብ አይግጠም፤ አይሽሽም። መያዙ ያለ ሕግ ቢሆን እንኳ የሚሟገተው በዳኛ ፊት ነው። በመንገድ ላይ የተደረገ ትግል ንጹሑን ሰው አጥፊ ያስመስለዋል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል።

ዘመዱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥ። ሰውየው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፤ የያዘውን ፖሊስ ስም፤ የተነገረውንም ምክንያት በወረቀት ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችልም እንደ ሆነ የተማረ ልጁን ወይም የመንደሩን መምህር ያጽፍ። 48 ሰዓቱ ካለፈ ለፍርድ ቤት ያመልክት። የተያዘውን ሰው በሰዓቱ ካላቀረቡት፤ ፍርድ ቤቱ አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብቱ ሊወሰድበት እንደማይችል ሕገ መንግሥቱ ተናግሯል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም፤ የታሰረው ሰው ራሱ ማመልከት ያልቻለ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ እንዲያመለክት ፈቅዷል። ከዚህም ሌላ ለሰብአዊ መብት ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ አንዳንድ መብቶች ለጊዜው እንዲገደቡ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሰውን በጭካኔ መያዝና ክብሩን ማዋረድ በዚያን ጊዜም ቢሆን የተከለከለ ነው።

መደምደሚያ

ያለ ፖሊስ ከብት በበረት አያድርም፤ ነጋዴም መንገድ አይወጣም። ስለዚህ የፖሊስን ሥራ ማክበርና መርዳት የሁሉ ግዴታ ነው። ሆኖም ፖሊስ የሚከበረው ሕዝቡ ሲያምነው ነው። ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ያለበት መንደር ስለ ሌባ የሚያውቀውን ለፖሊስ አይናገርም፤ የተያዘውን ሰው በሰዓቱ ከዳኛ ፊት የሚያቀርብ ፖሊስ ግን ምስክር አያጣም።

በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሌላው መጥቶ «በሕግ አምላክ» ባለ ጊዜ ሁለቱም ይቆሙ ነበር። ይህ ቃል ሹሙንም ባላገሩንም፤ ብርቱውንም ደካማውንም እኩል የሚያስቆም በመሆኑ ታላቅ ቃል ነው። ዛሬም የሕግ ኃይል ይኸው ነው፤ ተጠርጣሪውን እንዳይሸሽ ያስቆመዋል፤ ፖሊሱንም ወሰኑን እንዳያልፍ ያስቆመዋል።

መምህራን ሆይ፤ ልጆች ሰዓት መቍጠርን ሲማሩ ይህንንም ስሌት አስተምሯቸው። ሰው ማክሰኞ በ8 ሰዓት ቢያዝ መቼ ከዳኛ ፊት መቆም እንዳለበት ጠይቋቸው። ሐሙስ በ8 ሰዓት ብሎ የሚመልስ ልጅ በየቤቱ ያለ ዕለት፤ ያለ ሕግ የሚያስር ሰው የሚደበቅበት ስፍራ ያጣል።